የሻምበሉ የጃፓን ወርቅ

የዓለምዘርፍ አባት ሻምበል ተሻገር ኮሪያ ዘምተው፣ ለእረፍት ጃፓን በወረዱ ጊዜ ከቶኪዮ አንዲት ሞላላ ወርቅ ገዝተው ተመለሱ። ኮባን ትባላለች፤ የሳሙራዮቹ ዘመን ገንዘብ ናት። ሻምበሉ ሲያርፉ ለልጃቸው የተረፈቻት ይህችው ነበረች። የዓለምዘርፍም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከከተመች በኋላ በእሷ ሰበብ የድሮ የጃፓን ሳንቲም መሰብሰብ ያዘች።

ነጋን ያወቀችው በዚሁ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ እንደ እሷው የጃፓን ሳንቲም የሚያሳድድ አፈ ማር ጎልማሳ ነበር። ይህን ፍቅሯን የሚጋራ ያገሯ ሰው ሌላ ስላልነበራት እንደ ልጇ አየችው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወርቋን ይዛ ቤቱ ሄደች። እሱም ሌላ ኮባን አግኝቻለሁ፣ እናስተያይ ብሏት ነበር።

“እትዬ፣ በሳሙራዮቹ ጊዜ ሐሰተኛ ኮባን የሠራ ሰው ምን ይደረግ እንደነበር ያውቃሉ?” አላት ወርቋን እያገላበጠ። “እንጨት ላይ ሰቅለው በጦር ይወጉታል። መንግሥት ግን ራሱ ወርቁን እየቀነሰ ብር ይቀላቅልበት ነበር። እሱን ማን ይሰቅለዋል?”

ተሳሳቁ። እጇን ታጥባ ስትመለስ ወርቋን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። ፈታ ዳሰሰቻት። የአባቷ ኮባን ፊቷ በመሮ የተሸነተረ ነው፤ ጣት ይቧጥጣል። ይህቺ እንደ ሳሙና አዳለጠቻት።

“ነጋ፣ ይህቺ የኔ አይደለችም።”

“ምን ነካዎት እትዬ?”

“የኔን መልስልኝ። አላየሁም አልሰማሁም እላለሁ።”

ነጋ ተነሥቶ በሩን ቆለፈ። አክብሮቱም አብሮ ተዘጋ።

“የሰጠሁሽን ይዘሽ ዝም ትያለሽ፤ አለበለዚያ ከዚህ አትወጪም!”

ስልኳን ስታወጣ ነጥቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። ጮኸች። ጉሮሮዋን አንቆ ጎኗን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተማት፤ የጎድን አጥንቷ ቀጭ ሲል ሰማችው። ዓይኗ እየጨለመ በእጇ ስትዳብስ ከባድ የብረት ማንቆርቆሪያ አገኘች። ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈችበት። ለቀቃት። ደገመችው፤ በጉልበቱ ወደቀ።

ያኔ መሄድ ትችል ነበር፤ ቁልፉ በሩ ላይ ነው። አልሄደችም። ሦስተኛውን ፊቱ ላይ አወረደችው። ጥርሱ ምንጣፉ ላይ ተበተነ፣ ደሙ ቀሚሷ ላይ ተረጨ። እንደገና ስታነሣ፣ “እትዬ፣ በማርያም!” አለ። ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ወርቋ ከነጋ ኪስ ወጣች።

“ፈርተሽ ነው የመታሽው?” አለቻት ፖሊሷ፣ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ቆማ።

“ሁለቱን ፈርቼ ነው። የመጨረሻውን ግን ተናድጄ።”

ቢሆንም አልተከሰሰችም። በሦስተኛው ምት የነጋ ግራ ዓይን ጠፋ፤ እስራትም ተፈረደበት። ወዳጆቿ እሰይ አሏት። እሷ ግን ያ ሦስተኛው ምት ከእጇ ላይ አልወርድ አላት፤ ማንቆርቆሪያ ማንሣት እንኳ ተወች። በመጨረሻ እስር ቤት ድረስ ሄደች። ነጋ ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጦ አቀረቀረ።

“ዓይንህ ያምሃል?”

“ሲበርድ፣ እትዬ።” ቀና አለና፣ “ጎንዎስ?” አላት።

“ስስቅ ያመኛል” አለች። “ብዙም አልስቅ።”

ዘበኛው ሰዓት አልቋል እስኪል ድረስ ሁለቱም አልተነሡም።