ዓርብና ቅዳሜ የሚቀሉት ሣጥኖች

የቦርዱ ስብሰባ ሊጀመር ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሪፖርት ሠራተኛው እጅ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ስክሪኑ ላይ የሳሙና ፋብሪካው ስድስት ወር ተደርድሯል፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ትንሽ ሣጥን። ዕቅዱ የተሟላበት ቀን አረንጓዴ ነው፣ ያልተሟላበት ቀይ። እስከ ትናንት ሪፖርቱ የወር ድምር ብቻ ነበር። ለቦርዱ ጠራ ብሎ ይታይ ብሎ ቀኖቹን በየሳምንቱ የደረደራቸው ዛሬ ጠዋት ነው። ሲጨርስ መብራት የበራባቸው የፎቅ መስኮቶች መሰሉትና ትንሽ በሐሳብ ነጎደ። ያኔ ነው ያየው። የሦስተኛው የማምረቻ መስመር ቀይ ሣጥኖች አልተበታተኑም። ዓርብና ቅዳሜ፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ በማስመሪያ እንደተሰመሩ ከላይ እስከ ታች ወርደዋል።

ሰው ሲሰንፍ እንዲህ ቀን ቆጥሮ አይሰንፍም።

ስልኩን አነሳ። የሦስተኛው መስመር ኃላፊ ታላቅ እህቱ ናት። የምርት ቅጹን በእጇ የምትሞላውም እሷው ናት።

«ዓርብ ዓርብ ቅጹን ለምን ባዶ ትተዪዋለሽ?»

«ምን ልጻፍበት ታዲያ? ዓርብ የሚፈሰው ትልቁ የልብስ ሳሙና ነው። አድሮ ካልደረቀ አይመዘንም። ያልመዘንኩትን ልጻፍልህ?»

«ቅዳሜስ?»

«የሁለቱን ቀን አንድ ላይ እጽፈዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲሁ ስጽፍ ማንም ምን ሆነሽ ብሎኝ አያውቅም።» ከጀርባዋ ማሽኑ ይጮሃል። «ምነው ድምፅህ? ቁርስ ሳትበላ ወጣህ አይደል?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸታም። ይልቅ እዚህ መስመሩ ሊዘጋ ነው እያሉ ሴቶቹን እያስለቀሱብኝ ነው። አንተ የአለቆቹ ጎረቤት ነህ፤ የሰማኸው የለም?»

«መልሼ ልደውልልሽ» ብሎ ዘጋው።

ባዶውን ሶፍትዌሩ ዜሮ ብሎ አንብቦታል፤ እሺ ይሁን። የቅዳሜው ግን የት ገባ?

የት እንደገባ ወዲያው ገባው። አምና አንዱ አራት ቶን ብሎ መጻፍ ሲገባው አርባ ጽፎ፣ ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት እሱን አዋርዶት ነበር። በማግስቱ ማጣሪያ አበጀ፤ በአንድ ቀን ከአምስት ቶን በላይ የተጻፈን ሁሉ የጣት ስህተት ነው ብሎ የሚጥል። የእህቱ የቅዳሜ ሰባት ቶን በየሳምንቱ እዚያ ሲወድቅ ከርሟል። ስድስት ወር ሙሉ መስመሩን በቁሙ የቀበረው እሱ ራሱ ነው።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደረጃውን በሩጫ ወጣ።

«ስህተቱ የኔ ነው አለቃ። ሦስተኛው መስመር ዕቅዱን ያሟላል። ማጣሪያውን ላጥፋው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን እያጠበቀ በመስታወቱ ውስጥ አየው። «ድምሩ እጃቸው ከገባ ሦስት ቀኑ። አሁን ገብቼ ስድስት ወር የነገርኳችሁ ሁሉ ቅዠት ነው ልበላቸው?»

«እውነቱ ግን…»

«እውነቱማ ሌላም አለ። የመስመሩ ኃላፊ ማን ናት? ሊዘጋባት ሲል ወንድሟ ቁጥሩን አሳደገላት ይሉሃል። አንተንም አያተርፍህ፣ እሷንም።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ማጣሪያውን እንዳትነካት። ገጽ ገጹን እየቀየርክ አፍህን ዝጋ።»

የስብሰባው ክፍል መጋረጃ ተዘግቷል። ቀያዮቹ ሣጥኖች ግድግዳውን ሞልተውታል።

«እነዚህ ሰዎች ዓርብና ቅዳሜ ምን ይሆናሉ? ሠርግ ነው የሚውሉት?» አሉ ሰብሳቢዋ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

«እንደሚያዩት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሃያ ሁለት ሠራተኛ ለአራት ቀን ሥራ። ይዘጋ ያልነውም ለዚህ ነው። በል ቀጥል፣ ወደሚቀጥለው ገጽ።»

የሪፖርት ሠራተኛው ጣቱን አነሳ። እህቱ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠችው እሱ አሥራ ሁለተኛን እንዲጨርስ ነበር። አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። ማጣሪያውን አትንካ ተብሏል፤ አልነካም። ሣጥኑን ሲጫኑት ግን ከሥሩ ያለው ቅጽ ይከፈታል።

ቀዩን ሣጥን ተጫነው።

ዓርብ፣ ባዶ። ቅዳሜ፣ ሰባት ቶን። ከጎኑ በግራጫ «ተጥሏል» ይላል። በሚቀጥለውም ሳምንት ተጥሏል። በሚቀጥለውም።

«ቀጥል ብዬሃለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ በጥርሱ መሃል።

«ቆይ እስቲ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው። «ሰባት ቶን ተሠርቶ ነው የተጣለው? ማን ነው የጣለው?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ እሱ ዞረ። ቅንድቡን ሰቅሎ ጠበቀ።

የሪፖርት ሠራተኛው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ።

«የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ። «የጻፈችው ደግሞ እህቴ ናት። ወረቀቱ በእጅ ጽሕፈቷ መጋዘን አለ፤ ይምጣና ይታይ።»