የአዴ ቀለሟ ሰባት ሰረዝ

እኔ ፈድሉ ተናዳጅ ነኝ። ይህን ነቀምቴ በሙሉ ያውቃል፤ አባቴ እንኳ ሱቃችን ደንበኛ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ ያስገባኝ ነበር። እንግዲህ መንግሥት እንዲህ ያለውን ሰው ከኮምፒውተር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሲያስቀምጥ ምን ጠብቆ ነው?

ዘመኑ ሰማንያ አንድ ነው። የእርሻ ጥናት ቢሮአችን የበቆሎ ምርት ያሰላል የተባለ አንድ ኮምፒውተር ነበረው። ለማስላት ፕሮግራም መጻፍ፣ ለዚያም ኮምፓይለር ያስፈልጋል፤ ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ማሽኑ ወደሚገባው የሚለውጥ መሣሪያ ማለት ነው። የኛው አሮጌ ነበር፤ ነጥብ ያለው ቁጥር አያውቅም። ሁለት ኩንታል ተኩል ቢሉት ሁለት ይላል፣ ግማሿን ይበላታል።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ መፍትሔ ላከልኝ። ጸሐፊዎቹ «ውሰዱት፣ አርሙት፣ አባዙት» ብለው በነጻ የለቀቁት የሌላ ኮምፓይለር ሙሉ ጽሑፍ፣ ከነስህተት ፈላጊው። በዲስክ መሰላችሁ? በወረቀት! መቶ ሰማንያ ገጽ። ያንን ማሽኑ ላይ ገልብጠን፣ በአሮጌው ኮምፓይለር አስተርጉመን፣ አዲሱን ማስወለድ ነው።

ኃላፊያችን ጓድ ሞረዳ «በነጻ?» ብለው ሦስት ቀን ጠረጠሩ። በአራተኛው «የሰፊው ሕዝብ ኮምፓይለር» የሚል ስም አወጡለትና ለአብዮት በዓል እንግዶች ሠርቶ እንደሚታይ ለበላይ ጻፉ።

«ካልሠራስ?» አልኳቸው።

«የኢኮኖሚ አሻጥር ነዋ!» አሉ እየሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በአሻጥር የተያዘ ሰው የት እንደሚገባ አውቃለሁ።

ገልባጯ አዴ ቀለሟ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታይፕ የመቱ፣ ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር በእግራቸው የሚመጡ፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ግን አንድ ፊደል የማይስቱ። በአምስት ሳምንት ጨረሱት። ሳስነሳው ስህተት በስህተት ሆነ። ቀርቤ ባይ በየመስመሩ መጨረሻ ሰረዝ ተደርድሯል!

«ምንድን ነው ይሄ?» ብዬ ጮህኩ።

«ባዶ ቦታ ነዋ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉ። «ደብዳቤ ላይ ባዶ ከተተወ ሰው የማይሆን ነገር ይጨምርበታል። እዘጋዋለሁ።»

ፕሮግራሙ በተጻፈበት ቋንቋ ሁለት ሰረዝ ራሱ ትእዛዝ ነው፤ ከቁጥሩ ላይ አንድ ቀንስ ማለት ነው። እኔም በንዴት «ሁለት ሁለቱን ሰረዝ አጥፋ» ብዬ ማሽኑን አዘዝኩት። የሳቸውም ጠፋ፣ የትእዛዙም ጠፋ፣ በየመስመሩ መጨረሻ ደግሞ አንድ አንድ ሰረዝ ተርፎ አፈጠጠብኝ። ሌላ ቅጂ ባይኖረኝ አልቆልኝ ነበር። ስድስት ሺህ መስመር በእጅ ልልቀም? በዓሉ አራት ቀን ቀርቶታል።

ፈራሁ። ፈራሁና የሚያሳፍር ነገር ሠራሁ። «ሥራው የተበላሸው በታይፒስቷ በወይዘሮ ቀለሟ ዳዲ ነው» ብዬ ለጓድ ሞረዳ በእጄ ጻፍኩ። ጓድ ሞረዳ በእጅ የተጻፈ አያነቡም፤ «በታይፕ ይምጣ» ብለው መለሱት። ቢሮው ያለው ታይፒስት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ወረቀቱ አዴ ቀለሟ ጠረጴዛ ላይ ማረፉን የሰማሁት ከምሳ በኋላ ነበር።

እየሮጥኩ ስደርስ መትተው ጨርሰውታል። ወረቀቱን ዘረጉልኝ። ስማቸው ከነአባታቸው፣ ጥፋታቸው አንድም ሳይጎድል፣ ጥርት ብሎ ተጽፏል። በየአንቀጹ መጨረሻም ያው ሰረዝ። ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ሰረዞቹን መቁጠር ያዝኩ። ሰባት። ቀጥሎም ሰባት። የመጨረሻውም ሰባት።

«ሁልጊዜ ሰባት ናቸው?»

«ታይፕ ስማር እንዲያ ነው ያስተማሩኝ።»

ለካ ዓይኔ ሥር ነበር! የተናደደ ሰው ይቆጥራል እንዴ? ተመልሼ ሮጥኩና ማሽኑን «ተከታትለው ሰባት የሆኑትን ብቻ አጥፋ» አልኩት። አሮጌው ኮምፓይለር አርባ ደቂቃ አቃስቶ አዲሱን ወለደ። ሁለት ነጥብ አምስት ስለው ሁለት ነጥብ አምስት አለኝ። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ከዚያ ሄጄ ደብዳቤውን ፊታቸው ቀደድኩት።

«አዴ ቀለሟ፣ ማሎ፣ እባክዎ ይቅር ይበሉኝ። ግን ስምዎን እያዩ እንዴት ጻፉት? የኔን ስም ቢያስገቡበት ማን ያውቅ ነበር?»

አዲስ ወረቀት ታይፑ ላይ እያስገቡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«እኔ ባዶ ቦታ ነው የምዘጋው» አሉ። «ሰው የጻፈውን አልነካም።»