አንዲቱ ቅጂ

የላብራቶሪ ባለሙያዋ የእህቷን አራስ ልጅ የዘረመል ምርመራ ውጤት ኮምፒውተሩ ላይ ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። የፊተኛው ልጅ በሰባት ወሩ የሞተው በዚህ ዘረመል ጦስ ነበር። ነጭ የደም ሴሎች «ተባዙ፣ ጠላት መጣ» የሚለውን መልእክት የሚቀበሉበትን ተቀባይ የሚሠራው ይኸው ዘረመል ነው። እሱ በመበላሸቱ፣ ለሌላው ሕፃን ጋሻ የሚሆነው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ሕያው ጀርሙ ያንን ልጅ በላው። አሁን ግን ስክሪኑ ላይ የዘረመሉን ቅጂዎች የሚያሳይ ሁለት ጉብታ ይታያል፤ አንዱ ብልሹ፣ አንዱ ደህና።

«አንድ ደህና ቅጂ ይበቃዋል» አላት አለቃዋ ትከሻዋን መታ አድርጎ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ደውዪላታ!»

ደወለች። እህቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «እና ክትባቱን ይውጉት? ነርሷ መጥታለች።»

«ይውጉት እትዬ።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ስክሪኑ ስትመለስ ክው አለች። ልጁ ወንድ ነው። ዘረመሉ የሚገኘው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው፤ ወንድ ደግሞ ኤክሱ አንድ፣ ቅጂውም አንድ ብቻ። ታዲያ ሁለተኛው ከየት መጣ? ሁለት ኤክስ ካላት ከእናቱ! ደሙን ከእትብቱ የቀዳችው ራሷ ነበረች፤ በጥድፊያ ስትቀዳ የእናትየው ደም ገብቶበታል። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ሙያ ደስታ አስረሳት፤ አለቃዋንም እንዲሁ። ሞኝነት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

መልሳ ደወለች፤ አይነሳም። ሊፍቱ ደግሞ ሲፈለግ መች ይገኛል፤ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ በሩጫ ወጣችው። እህቷ ወደተኛችበት ክፍል ስትገባ ነርሷ የሕፃኑን ክንድ በጥጥ ጠርጋ መርፌውን አስጠግታለች።

«አትንኪው!»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ውጉት ያልሽው?» ነርሷ ተቆጣች፤ እጇን ግን ሰበሰበች።

«ተሳስቻለሁ። እትዬ፣ የሱን ደም ካንቺ ደም ጋር ቀላቅዬ ነው ያነበብኩት።»

እህቷ ልጇን ከነርሷ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ከተረከዙ አዲስ ደም ተወሰደ። በማግሥቱ ቀትር ላይ ስክሪኑ ላይ አንድ ጉብታ ብቻ ቆመ፤ ብልሹው። ባለሙያዋ ሄዳ ለእህቷ ነገረቻት።

«ይሞትብኛል?»

«የሚገጥመው የአጥንት መቅኔ ሰጪ መርምረን ካገኘንለት የመዳን ተስፋ አለው። ክትባቱ ስላልገባበት ጊዜ አለን።»

እህቷ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ከእኔ ጀምሪ። ውጤቱን ግን አንቺ አታንብቢልኝ።»

ባለሙያዋ «እሺ እትዬ» ብላ ደም ልትቀዳ ክንዷን በላስቲክ አሰረችላት።