ሪሌው ጠቅ ሲል

ሚስትየዋ ከክረምቱ ወዲህ ባሏን አኩርፋዋለች፤ ባልየው ግን መኮረፉን አላወቀም። ይሄ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። የተኮረፈው ሰውዬ ጉዳዬም ሳይል እየበላ እየጠጣ ሲኖር፣ አኩራፊዋ ለማን ብላ ትድከም?

ባሏ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጋራዡ ከቤታቸው ጎን የተቀጠለ የቆርቆሮ ዳስ ሲሆን፣ መኪና ሲመጣ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ይጎነበሳል፣ እሷ መሪው ጋ ተቀምጣ ቁልፍ ታዞራለች። ከተጋቡ ጀምሮ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ሪሌ የሚፈትሸው በጆሮው ነበር። ሪሌ ማለት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ናት፤ ቁልፍ ሲዞር ውስጧ ያለችው ብረት "ጠቅ" ብላ ትገጥምና ለፓምፑ ወይ ለጡሩምባው ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች። "አዙሪ!" ይላታል፤ ታዞራለች። ጠቅ ካለች ደህና ናት፤ ዝም ካለች ትነቀላለች። በዚህ መሃል ወሬ አለ። የተከፈተው ኮፈን መሃላቸው ቆሞ፣ ሳይተያዩ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲያነሱና ሲጥሉ ነው ያረጁት።

አሁን ግን ሰውዬው ተለወጠባት። ከጓዳ ሆና ስትጣራ አይመልስም። መብራት ጠፍቶ "ራሴን አመመኝ" ብትለው ጀርባውን ሰጥቷት ይተኛል። ቁልፍ እያዞረች ወሬ ብትጀምርለት "እሺ" ብቻ ነው መልሱ። ለሁሉም እሺ! ያንን "እሺ" አንቃ ብትገድለው ደስ ባላት ነበር። "ሰለቸሁት" ብላ ደመደመች። ወሬዋን አሳጠረች፣ ቀጥሎም ተወችው። ልቧ ተሰብሯል፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር ለማን ይነገራል? "ባሌ እሺ አለኝ" ተብሎ ለዳኛ አይኬድም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ ባለታክሲ መኪናውን እያስገፋ መጣ። በዋዜማው ባልየው የነዳጅ ፓምፑን ሪሌ "ሞቷል" ብሎት ባለታክሲው አዲስ ገዝቶ ነበር። አዲሱንም ገጥመው ሞክረው ይሄም ሞቷል ተብሏል።

"ጋሼ፣ ሻጩ እኮ ዓይኔ እያየ ሞክሮ ነው የሰጠኝ" አለ ባለታክሲው።

"የሻጭ ነገር!" አለ ባልየው። "አንተ ሂድና ምሳህን በልተህ ና።"

የጡሩምባው ሪሌና የፓምፑ ሪሌ አንድ ዓይነት ናቸው። እና ባልየው ዘዴ መጣለት፤ የሚሠራውን ከጡሩምባው ነቅሎ ፓምፑ ቦታ ላይ ሊሞክረው ነው።

"መጀመሪያ ጡሩምባውን ንኪ!"

ነካችው። መኪናው ሰፈሩን አናወጠው።

"ይቺ በሕይወት አለች!" ብሎ ነቅሎ ቦታ ቀየራት። "አዙሪ!"

አዞረች። ጠቅ! ከዳሽቦርዱ ወዲያ ጥርት ብሎ ተሰማት።

"ይቺም ሞታለች!" አለ ባልየው።

እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። ደግማ አዞረች፤ ጠቅ። ደግማ፤ ጠቅ። አንገቷን አስግጋ በኮፈኑ ሥር ባለችው ክፍተት አየችው። ጉንጩ ባትሪውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ግንባሩን ቋጥሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ያቺን ጠቅታ ይጠብቃል።

"ምነው ዘንድሮ ሪሌ ሁሉ ምን ነካው?" እያለ ያጉረመርማል።

አሁን ሰፈር ያስጮኸች ሪሌ በአንድ አፍታ ሞታ! ሚስትየዋ ቀስ ብላ ወረደችና ከጀርባው ቆመች። በዚያችው በወትሮዋ ድምፅ፣

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ዛሬ ሌላ ባል ላገባ ነው" አለችው።

"እሺ" አላት ራሱን ሳያነሳ።

"መልከ መልካም ነው፤ ጥርስ ግን የለውም።"

"እሺ፣ ቆይ ይቺን ልጨርስ።"

አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ሳቁ መጣ፣ እንባውም ተከትሎት መጣ። ለካ አልሰለቻትም! ለካ ሰውዬው አይሰማም! ባሏ መስማት ተስኖት በደስታ ያለቀሰች ሴት እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። ደስ በማለቷ አፈረች፤ ቢሆንም ደስታው አልቀነሰም።

ዞር ሲል እንባዋን አየ። "ምን ሆንሽ?"

በቅባት የጠቆረ ጣቱን ይዛ ሪሌዋ ላይ አስቀመጠችው። "ያዝ" አለችው በምልክት። ገብታ ቁልፉን አዞረች።

በክፍተቷ ስታየው ቅንድቡ ከፍ አለ። ደገመችለት። ጣቱን አነሳ፣ መለሰ፣ አሁንም ጠበቀ። በሦስተኛው ላይ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር፤ ጠርጎም አልጨርስ አለ።

"መቼ አወቅሽ?" አላት ስትመጣ።

ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ቃሉን ዘርዘር አድርጋ፣ "አሁን። ላገባ ነው ስልህ እሺ አልከኝ እኮ!" አለችው።

"ማንን?"

"ጥርስ የለውም። ሌላውን ምን አገባህ!"

ሪሌዋ ደህና ከሆነች ችግሩ ፓምፑ ጋ ነው። የኋላ ወንበሩን አንስተው ቢያዩ ፓምፑን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ሽቦ ዝጎ ሊበጠስ ደርሷል። ፍቀው፣ አጥብቀው አሰሩት። ስታዞር ሞተሩ ተነሳ። እሱ መነሳቱን ያወቀው መዳፉን ብረቱ ላይ ጭኖ ነው።

ባለታክሲው ከምሳ ሲመለስ ሞተሩ ይሠራል። "ሪሌው ነበር አይደል? ያንን ሻጭ ዛሬ ልክ ላስገባው!"

ሚስትየዋ ለባሏ ስትል የሚዋሽ ነገር ስታሰናዳ፣ እሱ ቀደማት። "ሻጩን ተወው። ሪሌው ጤነኛ ነው፤ የኔ ጆሮ ነው ያልሰማው።"

ባለታክሲው ጠጋ ብሎ ጆሮው ላይ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!" ብሎ ጮኸ።

"ምን ያስጮህሃል? ፊት ለፊቴ ሆነህ ቀስ ብለህ ተናገር፣ ይበቃኛል" አለው ባልየው፣ እጁን እየጨበጠ።

መኪናው ሲወጣ ዳሱ ባዶ ሆነ። ሚስትየዋ ፊቱ ቆመች። "ለኔ ለምን አልነገርከኝም?"

እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። "የሰው ወሬ እንደሸሸኝ ካወቅሁ ቆየሁ፤ ጠቅታዋም እንደጠፋችብኝ ነው ያላወቅሁት። አልሰማም ብልሽ ማውራት ትተይብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ባልሰማሽም ስታወሪ ማየት ደስ ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ ዝም እያልሽ መጣሽ። አውቃብኛለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።"

እሷ ደግሞ ኩርፊያ ላይ ነበረች! ሁለት የመቀመጫ ዱካ ሳበች፤ ጉልበታቸው እስኪነካካ ተጠጋግተው ተቀመጡ። የከረመው ወሬ ሁሉ ምላሷ ላይ ተጋፋ። ትልቁን አስቀደመች።

"ልጃችን አርግዛለች።"

ከንፈሯን ትኩር ብሎ አየ። "ምን አልሽ?"

"ልጃችን አር-ግ-ዛ-ለች! በስልክ የነገረችኝ ቀን ከኋላህ ሆኜ ጮኼ ነግሬህ፣ እሺ ብለህ ወጣህ። እኔማ ልቡ ድንጋይ ሆኗል ብዬ አለቀስኩ።"

ከዱካው ተነሳ፤ መሄጃ ስላጣ መልሶ ተቀመጠ። በዚያ በቅባት እጁ ፊቱን ሸፈነና ሲገልጠው ጉንጩ ሁሉ ጠቁሮ፣ ረጥቦም ነበር።

"ድገሚልኝ" አላት።

እንደገባው አውቃለች። ቢሆንም አገጩን ወደ እሷ ቀና አድርጋ፣ ቀስ ብላ ደገመችለት።