እማማ ኒውክለስ ናቸው

ካገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ሁለት ልጆች ወልዳ ትልቁ በቁመት ሊያልፋት ተቃርቧል። በዳቦ ቤቱ ውስጥ ግን ስሟ እስከ ዛሬ ሙሽሪት ነው። ስሙን ያወጡላት አማቷ ሲሆኑ ሌላው ሰው ከእሳቸው ተቀብሎ ጠራት። ትምህርቷን ያቋረጠችው በሠርጓ ሰሞን ነበር። ተይ ያላት ማንም የለም፤ ሥራ በዛ፣ ልጅ መጣ፣ ደብተሩ ሣጥን ገባ፣ በዚያው ቀረ። ትልቁ ልጇ እሷ ካቆመችበት ክፍል ሲደርስ፣ የቤት ሥራውን ላሳይህ ብላ አጠገቡ ቁጭ አለችና ምንም ሳታሳየው ተነሣች። በማግሥቱ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር መንገዱን ተሻግራ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ለማታው ክፍል ተመዘገበች።

ሒሳቡ አላስቸገራትም፤ ዕድሜዋን ስትመዝንና ስትመነዝር የኖረች ሴት ናት። ታሪኩም ገባት። ባዮሎጂ ላይ ግን ወደቀች፤ በተለይ ሴል የሚለው ምዕራፍ ፍዳዋን አሳያት። ሊጥ እየቆረጠች ታነበንባለች፣ ሚዛን ላይ እየጣለች ታነበንባለች። ማታ ክፍል ስትደርስ ራይቦዞሙም ላይሶዞሙም ጭንቅላቷ ውስጥ አብሮ ተቦክቶ አንድ ሆኖ ይጠብቃታል።

"የሰው ስም ቢሆን እኮ እይዘው ነበር" አለችው አንድ ቀን ለባሏ። "እስቲ አሁን ማን ልጁን ማይቶኮንድሪያ ብሎ ይጠራል?"

ባሏ የዳቦ ቤቱ ጋጋሪ ነው። ከምድጃው ፊት አይጠፋም፤ ቅንድቡን እሳት ደጋግሞ ስለላሰው ሁልጊዜ የተገረመ ይመስላል። "ስለ ዳቦ አይጠይቁም እንዴ?" አላት ረጅሙን የእንጨት አካፋ ከምድጃው እየሳበ። "ስለ ዳቦ ቢጠይቁ አንደኛ ትወጪ ነበር።"

ከሰዓት በኋላ ሊጡ ተሸፍኖ ኩፍ እስኪል ድረስ ቤቱ ትንሽ ይተነፍሳል። ያን ቀንም ሙሽሪት የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳው ውስጥ፣ አማቷ አሉ። ጉልበታቸው እንቢ ካላቸው ወዲህ ከጓዳው አይወጡም፤ የእርሾው፣ የጨውና የወተቱ ልክ ግን ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። እዚያው ሆነው ያዝዛሉ፤ ሙሽሪት የሰማችውን ይዛ ለአቡኪዎቹ ታደርሳለች።

"ሙሽሪት!" አሉ። "የሆስፒታሉ ዛሬም ጨው የለውም በያቸው! ለካፌው ወተት ጨምሩበት በያቸው!"

"እሺ እማማ" ብላ ተነሣች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ቀጥ ብላ ቆመች። በእጇ በያዘችው መጽሐፍ ላይ ጣቷ ያረፈው እንዲህ ከሚለው ላይ ነበር፦ ኒውክለስ ከቦታው አይንቀሳቀስም። የመሥሪያው ልክ ሁሉ ያለው እሱ ዘንድ ነው። የትእዛዙን ቅጂ ብቻ ወደ ውጭ ይልካል።

"እማማ ኒውክለስ ናቸው!" ብላ ጮኸች።

ባሏ አካፋውን እንደያዘ ዞረ። "እናቴን ምን አልሻት?"

"ኒውክለስ! ሁሉ ነገር የሚታዘዝበት!"

"የቤቱ ባለቤት እኔ፣ ኒውክለስ እሷ?"

"አንተ ማይቶኮንድሪያ ነህ።"

"እየሰደብሽኝ ነው?"

"ኃይሉ የሚመነጨው ካንተ ነው ማለት ነው። አንተ ከቆምክ ቤቱ ቆመ።"

ይሄ ደስ አለው። "ኃይል" አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። "ሰማችሁ? ኃይል!" ሙሽሪት ግን ማንበቧን አላቆመችም ነበር። "ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ደግሞ ከእናት ብቻ ነው ይላል።"

መጋረጃው ከውስጥ ተንቀሳቀሰ። "ታዲያ ምን ጥያቄ አለው!" አሉ አማቷ። "እሱን ማን ወለደው?"

አቡኪዎቹ ሊጣቸውን ትተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሙሽሪትም ወዲያው እነሱን ራይቦዞም አለቻቸው፤ ትእዛዙን ተቀብለው ዋናውን ነገር የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! መጽሐፏን በብብቷ ይዛ ቤቱን ታካልል ጀመር። በር ላይ ዘበኛው ነበሩ።

"ጋሼ፣ እርስዎ የሴሉ ሽፋን ነዎት።"

"ሽፋን? ብርድ ልብስ ነኝ እንዴ ልጄ?"

"የሚገባውን ያስገባል፣ የማይገባውን ይመልሳል። ያለሱ ሁሉም ሜዳ ላይ ተበትኖ ይቀር ነበር።"

"እሱማ እኔው ነኝ።" ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይተኛል?"

"ማን?"

"ሽፋኑ።"

"ኧረ አይተኛም! ሽፋኑ ለቅጽበት ከተወው ሴሉ አለቀለት።"

ዘበኛው ከምሳ በኋላ የሚያሸልቡባትን ወንበር ዞር ብለው አዩ። "ትንሽ እንኳ?" አሉ በቅሬታ።

የከፋው ጽዳት ሠራተኛዋ ጋ ነው። ላይሶዞም ምን እንደሚሠራ ስትሰማ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አቁማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ለሰው ሁሉ ኃይል፣ ትእዛዝ! እኔ ጋ ስትደርሺ ቆሻሻ በላተኛ?"

"እህቴ በሞቴ፣ ስሚኝ" አለች ሙሽሪት ክንዷን ይዛ። "ያረጀውንና የተበላሸውን የሚፈጨው እሱ ነው። ደግሞ ዝም ብሎ አይጥልም፤ የሚጠቅመውን ለይቶ መልሶ ለሥራ ያውለዋል። እሱ ከሌለ ሴሉ በገዛ ጉድፉ ታፍኖ ይሞታል። እስቲ አንቺ ያልመጣሽ ቀን ይሄን ቤት አስቢው።"

ጽዳቷ አሰበችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለአቡኪዎቹ "ሰማችሁ? ታፍናችሁ ነው የምትሞቱት!" አለችና መጥረጊያዋን አነሣች። የደረቀውን ዳቦ ፈጭታ ለዶሮ አርቢው የምታስረክበውም እሷው ስለሆነች፣ ላይሶዞም የሚለው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕረጓ ሆነ።

የቀረው የባሏ ታናሽ ወንድም ነበር። ማሸግ፣ መለጠፍ፣ ለየደንበኛው መለየት የሱ ሥራ ነው፤ ከፌስታል ስለማይለይ ፌስታል ይሉታል። "ጎልጂ" አለችው፤ በሴሉ ውስጥ የተሠራውን ለይቶና አሽጎ ወደየቦታው የሚልከው ክፍል ነው። ደስ አለው፤ ከፌስታል ይሻላል አለ።

ቃላቱ ቤቱን ወረሩት። "ማይቶኮንድሪያው እሳት ቀንስ!" "ሽፋን፣ ለዱቄቱ መኪና በር ክፈት!" ደንበኞች እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም አዲስ ዓይነት ዳቦ መስሏት ራይቦዞም አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ከፈተናው ቀደም ብሎ በነበረው ሳምንት ግን ፌስታል ጥርሱ ታሞ ጉንጩ እንደ ኳስ አብጦ ከሥራ ቀረ። "አንድ ቀን እኛው እናሽገዋለን፣ ምን አለው?" አለ ባሏ። አቡኪዎቹ እንደ ወትሮው አቦኩ፣ ምድጃው እንደ ወትሮው ጋገረ። ዳቦው መውጣቱን አላቆመም፤ የሚሄድበት ግን ጠፋው። ጠረጴዛው ሞላ፣ መደርደሪያው ሞላ፣ የዘበኛው ወንበር እንኳ ትሪ ተሸከመ። ማንኛው ያለ ጨው እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም መልኩ አንድ ነው። ባሏ እያላበው የመሰለውን ለመሰለው ላከ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። የካፌው ሰውዬ ነበር፦ "ወንድሜ፣ ይሄን ዳቦ ስትጋግሩ ተጣልታችሁ ነበር? ምንም ጣዕም የለውም!" ቀጥሎ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ተደወለ፦ "ለበሽተኞቻችን የልደት ዳቦ ነው እንዴ የላካችሁት?" ደግነቱ ማንም ሳይበላው ደርሰውበታል።

ባሏ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከጓዳ ውስጥ እናቱ "እኔ ትእዛዙን በትክክል ነው ያስተላለፍኩት!" ብለው ሲጮሁ ግን እሱም መቻል አቃተው፤ የዳቦ ክምሩ መሐል ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቀሪውን ቀን ዳቦ እየመለሱና እየቀየሩ ዋሉ። ፌስታል በማግሥቱ ጉንጩን በሻሽ አስሮ ሲገባ እንደ ሚኒስትር ተነሥተው ተቀበሉት።

የባዮሎጂው ፈተና ቀን አዳራሹ ጸጥ ረጭ ብሏል። ሙሽሪት በልጇ ዕድሜ ካሉ ልጆች መሐል ተቀምጣለች። ወረቀቱን ገለበጠች። የመጀመሪያዎቹን እየፈራች መለሰች። ከዚያ ከታች እንዲህ የሚል ጥያቄ አየች፦ በአንድ ሴል ውስጥ ጎልጂ ሥራውን ቢያቆም ምን ይከተላል? አብራሩ።

ዓይኗ ላይ የፌስታል ያበጠ ጉንጭ መጣባት። ከንፈሯን ነከሰች። ዘበኛው ትሪ ከተሸከመው ወንበራቸው አጠገብ ቆመው መጡባት። እስክሪብቶውን ነከሰች። "ለበሽተኞቻችን የልደት ዳቦ" የሚለው ድምፅ ሲመጣባት ግን ሳቋን አፈነዳችው። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ፈታኙ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰውዬ፣ ገስገስ ብለው መጡ።

"ምንድነው የሚያስቀው እመቤት? ምን ይዘሻል?"

"ምንም አልያዝኩም ጌታዬ" አለች እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። "ጥያቄውን ስለማውቀው ነው።"

ፈታኙ ጠረጴዛዋን አዩ፣ ከሥሩ አዩ፣ እጇን አዩ። ከዚያ ያሳቃትን ጥያቄ አነበቡና ምኑ እንደሚያስቅ ፈለጉበት። አላገኙትም። "በይ ካወቅሽው ጻፊው፣ በጸጥታ" ብለው ሄዱ።

ጻፈችው። ራይቦዞሞች ፕሮቲን መሥራት እንደማያቆሙ ጻፈች። የተሠራው ሳይለይ፣ ምልክት ሳይደረግበት፣ ሳይታሸግ እንደሚከማች ጻፈች። ከሴሉ መውጣት ያለበት ውስጥ እንደሚቀር፣ ለላይሶዞም የታሰበው ሌላ ቦታ እንደሚሄድ ጻፈች። የተሰጣት ቦታ አልበቃት ብሎ ጀርባውን ጨመረች። ስለ ዳቦ አንድም ቃል አልጻፈችም።

ውጤቱ የመጣ ቀን መንገዱን የተሻገረችው ግራ ቀኝ ሳታይ ነው። ዘበኛው ፊቷን ዓይተው በሩን በሁለት በኩል ከፈቱት። "አልፌያለሁ!" አለች። "ባዮሎጂ ነው ከሁሉም የበለጠው!" ጽዳቷ እልል አለች። ባሏ በዱቄታም እጁ አቅፎ አነሣት፤ ጥቁር ቀሚሷ ጀርባ ላይ ሁለት ነጭ መዳፍ ቀረ። ጩኸቱ መሐል መጋረጃው ተገለጠና አማቷ፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ግድግዳውን ይዘው ብቅ አሉ። 

"እማማ፣ ኒውክለስ እኮ አይወጣም!" አለ ፌስታል።

"አንተ ዝም በል። አንድ ነገር ልጠይቃት ነው።" ወደ ሙሽሪት ዞሩ። "ለዘበኛው ሳይቀር ሥራ ሰጥተሻል። አንቺ ራስሽ ምንድነሽ?"

ሙሽሪት ቤቱን በዓይኗ ቃኘች፤ ከእሷ በቀር ሁሉም ስም አለው። ለካ ስለ ራሷ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም። "መልእክተኛዋ ነኝ መሰለኝ እማማ" አለች ቀስ ብላ። "ከእርስዎ የሰማሁትን ሳላዛባ የማደርስ።"

አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እስከ ዛሬ አዎ። ነገ ግን ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ፤ ልኩን በሙሉ አስይዝሻለሁ። ያ ሁልጊዜ የምታወሪለት፣ ላቦራቶሪ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ይቀበልሽ እንደሆነም ሂጂና ጠይቂ፤ ጠዋት ጠዋት አንቺ ባትኖሪም ይሄ ሁሉ ሰው ዳቦ አያቅተውም።" ከዚያ ድካሙ ስለበረታባቸው የዘበኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ዘበኛውም ፈቀቅ አሉላቸው።

ትምህርት ቤቱ ተቀበላት። በመጀመሪያው የላቦራቶሪ ቀን ከጉንጯ ውስጠኛ ክፍል በእንጨት ጫፍ ጠረግ አድርጋ መስታወት ላይ ቀባች፣ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረገችበት፣ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ተከለች። መጀመሪያ ጭጋግ ነበር። ማስተካከያውን ቀስ አድርጋ ስታዞረው ጠርቶ ብቅ አለ፦ ሣሣ ያለ፣ ጠርዙ የተጨማደደ፣ መሐሉ ላይ አንዲት የጠቆረች ነጥብ ያለችው ነገር። ጩኸት የለውም፣ ዱቄት የለውም፣ የምታውቀውን ማንንም አይመስልም። ከራሷ አፍ የወጣ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አይታው አታውቅም።

"እህት፣ ተራችን ነው እኮ" አለ ከኋላዋ የቆመ ተማሪ።

"እሺ፣ እሺ" አለች ዓይኗን ሳታነሣ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። እሷ ግን መስታወቱን በጣቷ ገፋ አደረገች፤ ከጎኑ ሌላ ሴል ነበር፣ ከዚያኛው ጎን ደግሞ ሌላ።