ከውስጥ የመለሰው ዋንዛ

ከዓባይ ማዶ እስከ ማክሰኝት፣ ጣናን ዙሮ የሙኽታርን ጆሮ ዝና ያልሰማ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ መሆን አለበት። ሙኽታር ጀልባ ሠሪ ነው። ዛፍ ሲመርጥ እንደ ሌላው አይቦረቡርም፣ አይለካም፤ የመጥረቢያውን ጀርባ ግንዱ ላይ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይለጥፋል። ከዚያ «ድፍን ነው» ወይም «ባዶ ነው» ይላል፤ አለቀ። በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳተም። ይህን የሚለው እሱው ራሱ ቢሆንም፣ ከመደጋገሙ ብዛት ግማሹ የባሕር ዳር ሰው በዓይኑ ያየ ያህል ይምልለታል። አንድ ቀን ፋሲሎ ሰፈር ሻይ ቤት ተቀምጦ ከአስፋልቱ ማዶ በር ሲንኳኳ ሰማና «ያ መቃን ምስጥ ገብቶታል» አለ። በሳምንቱ ቤቱ ፈረሰ። መቃኑ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ በሙሉ! የጎረቤቱም ትንሽ ዘመም ብሎ ነበር።

እንዲህ ያለ ጆሮ የያዘ ሰው አንድ ዋንዛ ለመቁረጥ አራት ዓመት ሙሉ ተራ ጠብቋል። ሾላ ዳር የሚባለው የሐይቁ ዳር ደን የሕዝብ ነው፤ የሕዝብ ስለሆነም ሁሉም «የእኔ» ይለዋል። ጀልባ ሠሪው ግንዱን ይፈልጋል። ጎብኚ የሚያስተናግደው መርስዔ ኀዘን ጥላውን ይፈልጋል፤ እሑድ እሑድ የሚያመጣው ሰው ቢሰለፍ የቤኒሻንጉልን ድንበር ያልፋል። ወፉና ጉሬዛው ግን ምን እንደሚፈልጉ ስለማይናገሩ፣ ስለ እነሱ የሚናገሩት የደኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ እትዬ የሺአረግ ናቸው። ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ ባሕር ዛፉ ለመጋዝ፣ የውኃው ዳር ለሽርሽር፣ መሐሉ ለአራዊቱ። ከመሐሉ የሚወጣው በዓመት አንድ ዋንዛ ብቻ ነው፤ እሱም ለጀልባ ሠሪ፣ በተራ። ባለተራው ዛፉን ራሱ ይመርጣል። የመረጠው ለጀልባ የማይሆን ከሆነ ግን ተራው ለቀጣዩ ያልፋል።

ቀጣዩ ደግሞ አብዱልወሃብ ነበር።

አብዱልወሃብም ጀልባ ሠሪ ነው፤ ነገር ግን ከታች ጀልባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸከመውን ረጅም ግንድ፣ እነሱ ‹ወገብ› የሚሉትን፣ ከሁለት አጭር ግንድ ነው የሚገጥመው። ሙኽታር ይህን ሲያይ ያመዋል። «የአብዱልወሃብ ጀልባ ወገቡ የተሰበረ ነው» ይላል በየደረሰበት፤ «ሐይቅ ላይ ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለበት!» ይህን ቀልድ ለሃያ ዓመት ሳያሰልስ ተናግሮታል። አብዱልወሃብም ለሃያ ዓመት ሳያሰልስ አልሳቀም።

ዘንድሮ ታዲያ የሙኽታር ዓመት ሆነ። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሙሀመድአወል የአሥራ ሦስት ሜትር ጀልባ አዘዘው። «ለጥቅምት ካልደረሰ ግን» አለ ሙሀመድአወል፣ «ፋሲሎ ካሉት በያጆች የብረት ጀልባ እናሠራለን። ከዚያ በኋላ ወደ እንጨት የሚመለስ አስጋሪ አይኖርም፤ ነግሬሃለሁ።» ሙኽታር ጓሮው ውስጥ ጀልባ ከሠራ ሁለት ክረምት አልፎታል። ይህችን ካጣ መጥረቢያውን ሰቅሎ የብረት ጀልባ ቀለም ቀቢ መሆኑ ነው። ሾላ ዳር ገብቶ ደኑን የሚያህል አንድ ዋንዛ መረጠ፤ ሁለቴ መታ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ በኮሚቴው ሁሉ ፊት «ድፍን ነው፤ እንደ ድንጋይ!» አለ። እትዬ የሺአረግ ቀይ ቀለም አስቀቡት። መቁረጫ ቀኑ ለየካቲት መጨረሻ ቅዳሜ ተባለ።

ረቡዕ ጠዋት ሙኽታር ዛፉ ሲወድቅ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚመራውን ገመድ ሊያስር መሰላል ይዞ ሄደ። የአምስት ሰው ቁመት ያህል ወጣ። በኋላ ሲያወራው አሥራ አምስት ሰው ሆኗል፤ እኛ ግን እውነቱን እንያዝ፤ ስምንት ይሁን። እዚያ ላይ ግንዱ ላይ ረጅም ክፍተት አየ፤ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች በጭቃ ተደፍኗል፤ መሐሉ ላይ ከሁለት ጣት የማትሰፋ ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች።

ሌላ ሰው ቢሆን «ምስጥ ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። ጀልባ ሠሪ ግን የተደፈነ ቀዳዳ ሲያይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስበው፦ ጉድለቱን የሸፈነ ሰው አለ! የበሰበሰ ሳንቃ በጥጥና በሬንጅ ጠቅጥቆ የሚሸጥ ስንት ሌባ አይቷል።

«አብዱልወሃብ!» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ዛፉ ባዶ መሆኑን አውቀህ ደፈንኸው፤ እኔ ድፍን ነው እንድል፣ ልታዋርደኝ! ቆይ ብቻ!»

በመጥረቢያው ጀርባ ጭቃውን ኳ ኳ አደረገው።

ከውስጥ ኳ ኳ ኳ ተመለሰለት።

«አዑዙ ቢላህ!» አለና መሰላሉን አቀፈ።  ዳሩ ንዴቱ ከፍርሃቱ ስለበለጠ መሮውን አወጣና ጭቃውን ይፈነቅል ገባ። ሁለት ጊዜ እንደመታ ከስንጥቋ የማጭድ ያህል መንቁር ብቅ አለና አውራ ጣቱን ግጥም! ሙኽታር የጮኸው ጩኸት ጎርጎራ ድረስ ተሰምቷል ይባላል። መሮው ወደቀ፤ እሱም ሊወድቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ወዲያው ከላይ እንደ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚያጉረመርም ክንፍ መጣ። በመንቁሩ ላይ ሌላ መንቁር የጫነ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ሙኽታርን እንደ ቅርንጫፍ እንኳ ሳይቆጥር ከአጠገቡ ዐረፈ። ከጉሮሮው የሾላ ፍሬ አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቋ አቀበለ። አሥራ አንድ ፍሬ። ከውስጥ ያለችው ተቀበለችው፤ ከእሷም በታች ጭር ጭር የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

ሙኽታር ያኔ ገባው። የደፈነችው እሷ ናት። ራሷን ከውስጥ ዘግታ፣ ላባዋን አርግፋ፣ ጫጩቶቿን ታቅፋ፣ ባሏ በሚያመጣው ትኖራለች። እሱ በመሮ የፈነቀለውንም ቦታ በመንቁሯ ጎን ጭቃ እየጠፈጠፈች ወዲያው መድፈን ጀምራለች። እያየ ቆየ። እንዲህ ያለ አደፋፈን አይቶ አያውቅም። ውኃ ቀርቶ ንፋስም አያስገባም።

«እጅሽ ይባረክ» አላት፣ ጣቱን እየጠባ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፈይዛ ያበጠውን ጣት ገና ከበሩ አየችው።

«ምን ሆንህ?»

«መዶሻ መታኝ።»

«መዶሻ ይናከሳል እንዴ?» አለችና እጁን ጎትታ አየችው። መደበቅ አልቻለም፤ ነገሩን ሁሉ ነገራት። እጁን ሳትለቅ እስከ መጨረሻው ሰማችው። 

«ዝም ብትል ዛፉ ቅዳሜ ይወድቃል» አለች።

«አዎ። እላይ ያለው ባዶ ቦታ ትንሽ ነው፤ ከሥር ያለው ግንድ ለወገብ ይበቃል። ማንም አያውቅም።»

«ብትናገርስ?»

«ዛፉ ይቀራል። ተራው ለአብዱልወሃብ ያልፋል። ጀልባዋ ለበያጆች ትሄዳለች። ከዚያ ደግሞ…» ያበጠ ጣቱን አየ። «ከዚያ ደግሞ ‹ድፍን ነው› ያልሁት ባዶ ነበር ማለት ነው።»

«የመጨረሻው ነው የከበደህ አይደል?»

«ወላሂ እሱ ነው።»

«እኔም ሦስት ልጅ ስወልድ በር ተዘግቶብኝ ነበር» አለች ፈይዛ። «ያን ጊዜ ማንም ቤቱን ሊቆርጠው አልመጣም።» ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ቅቤ አምጥታ ጣቱን ቀባችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሾላ ዳር ላይ ሰው ሞላ። የሞተር መጋዝ የያዙት ሁለቱ ቆራጮች ነዳጅ ይሞላሉ፤ መርስዔ ኀዘን ዛፍ ሲወድቅ ማየት የሚወዱ ጎብኚዎችን ይዞ መጥቷል፤ አብዱልወሃብ እጁን አጣምሮ ከኋላ ቆሟል። እትዬ የሺአረግ ነጠላቸውን አጣፍተው መዝገባቸውን ገለጡ።

«እንግዲህ ሙኽታር፣ ጀምር ልበል?»

ሙኽታር መጋዙን አየ። ዛፉን አየ። አፉን ከፈተና ምንም አልወጣውም። የዚህ ሰው አፍ ተከፍቶ ምንም ሳይወጣው ሲቀር ከተወለደ የመጀመሪያው ነው፤ ሕዝቡም የታመመ መስሎት ተጠጋ።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ይህ ዛፍ አይቆረጥም። ውስጡ ሰው አለ።»

«ሰው?»

«ማለቴ ወፍ። እናት ናት፤ ከነጫጩቶቿ። ራሷን በጭቃ ዘግታለች። እኔ…» ወደ አብዱልወሃብ ላለማየት አንገቱን አዞረ። «እኔ ድፍን ነው ብያችሁ ነበር። ተሳስቻለሁ።»

 ከዚያ አብዱልወሃብ ከኋላ፦ «አልሰማሁም፤ ምን አልህ?»

«ተሳስቻለሁ!» ብሎ ጮኸ ሙኽታር። «ረካህ? ጭቃውንም አንተ የደፈንኸው መስሎኝ ስሰድብህ ነበር። እሱንም ይቅር በለኝ!»

ጊዜ ሳይፈጅ ያ ባለ ትልቅ መንቁር ወፍ ሾላ ይዞ ደረሰ። ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። ፍሬዎቹ በስንጥቋ አንድ በአንድ ሲገቡ ጎብኚዎቹ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«እትዬ!» አለ መርስዔ ኀዘን ዓይኑ እያበራ፣ «ከሥሯ ወንበር ልደርድር! ሻይም ለስላሳም! ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጡባታል!»

«አንተ ደግሞ!» አሉ እትዬ የሺአረግ። «ከመጋዝ አድነን በጫጫታ ልንገድላት ነው? ከሥሯ ማንም አይቀመጥም። ከእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመህ አሳይ፤ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ቀለሙን በአረንጓዴ እንለውጠዋለን።» ከዚያ ወደ ሙኽታር ዞሩ። «ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ተራህ አልፏል። ከመሐል ደን ሌላ አልሰጥህም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«እዚያው መንገዱ ላይ ያሉትን ሁለት ዘንባላ ዋንዛዎችስ?» አለ መርስዔ ኀዘን። «ሥራቸው ተገልጧል፤ ሰው ላይ ይወድቃሉ ብዬ አንሡልኝ ካልሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እነሱ ያሉት በሽርሽሩ በኩል ነው እንጂ በመሐሉ አይደለም።»

እትዬ የሺአረግ መዝገቡን አገላብጠው አሰቡ። «እነሱ በተራ የሚሰጡ አይደሉም» አሉ። «ለሚያነሣቸው ናቸው።»

ሙኽታር ሁለቱን ዋንዛዎች ያውቃቸዋል። ድፍን ናቸው፤ አሁን ግን ይህን ለመማል አይደፍርም። ነገር ግን አጭር ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ስምንት ሜትር እንኳ አይሞሉም። አሥራ ሦስት ሜትር ወገብ ከእነሱ የሚወጣው ተገጥሞ ብቻ ነው። በአካባቢው ደግሞ መግጠም የሚያውቅ ሰው አንድ ነው።

ያ ሰው እስከቆመበት ድረስ ሃያ እርምጃ ያህል ነበር፤ ሙኽታር ግን ማክሰኝት ድረስ በእግሩ የሄደ ያህል ደክሞት አብዱልወሃብ ፊት ቆመ።

«ሁለቱን አጭር ግንድ ምን ታደርጋቸዋለህ?» አለው አብዱልወሃብ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ። «ሐኪም ቤት ትወስዳቸዋለህ?»

«አዎ፤ ሐኪሙ አንተ ነህ። አስተምረኝ።»

አብዱልወሃብ አየው፤ አየው፤ ከዚያ በሃያ ዓመቱ ሳቀ። የሃያ ዓመት ሳቅ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ቀላል አይደለም፤ ከቅርንጫፉ ላይ ያሉ ጉሬዛዎች ተበተኑ። «ነገ ጠዋት መሮህን ይዘህ ና» አለው። «ከዋንዛው ሥር ጥለኸው አይቻለሁ።»

ገጣጠሙ። ግንዶቹን ሰንጥቀው በጥላ አደረቁ፤ ክረምቱን ሙሉ ጫፎቹን እንደ ሁለት መዳፍ አስተቃቅፈው ጠረቡ። ሙኽታር በቀን ሦስት ጊዜ ይቆጣል፤ አብዱልወሃብ በቀን ሦስት ጊዜ ያፈርሰዋል። «ይህ ክፍተት ነው እንጂ መጋጠሚያ አይደለም፤ ጎሽ ያልፍበታል» ይለዋል። «ብዕር እንኳ አያልፍበትም!» ይላል ሙኽታር። ፈይዛ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሁለቱን በአንድ ግንድ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ተኳርፈው ታገኛቸዋለች። ከዚያ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ጫጩቶቹ ከነእናታቸው ጭቃውን ሰብረው ወጡ። መርስዔ ኀዘን ያን ቀን መንገዱ ላይ ሺህ ሰው አቁሜ ነበር ይላል፤ እትዬ የሺአረግ የቆጠሩት ግን አርባ ሁለት ነው፣ እነሱም ዝም ያሉ።

ጥቅምት ሲገባ ጀልባዋ ጣና ላይ ወረደች። ሙሀመድአወል ከአስጋሪዎቹ ጋር ተሳፈረ፤ ሁለቱም ሠሪዎች አብረው ገቡ። ከዳር ራቁ፤ ማዕበሉ እንደ ተራራ፣ ኧረ ከተራራም ይበልጥ ሆኖ መጣ። ሙሀመድአወል ጎንበስ ብሎ የጀልባዋን ሆድ በእጁ ዳሰሰ። አንዲት ጠብታ የለም።

«እሺ፣ ይቺ ነገር ተገጣጥማለች ብላችሁኛል» አለ። «መጋጠሚያው የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ» አለ ሙኽታር ከፊት ለፊቱ ጠቁሞ።

«ምን ማለትህ ነው፣ እዚህ ጋ ነው እንጂ» አለ አብዱልወሃብ ከኋላው ጠቁሞ።

ተያዩ። ጎንበስ ብለው ሁለቱም በየእጃቸው እየዳሰሱ ፈለጉ። አላገኙትም።

«እኔ ጠረብሁት» አለ ሙኽታር።

«እኔ አስጠረብሁህ» አለ አብዱልወሃብ።

ሙሀመድአወል ሁለቱን ትቶ ወደ አስጋሪዎቹ ዞረ። «ለመጪው ዓመት አንድ ይጨመርልን» አለ። «ጭቅጭቃቸውን ግን ከዳር ይተዉት፤ ዓሣው ይሸሻል።»