የአጵሎስ ሁለት ሚሊሜትር

አጵሎስ ከሙያ ማሠልጠኛው በጡረታ ሲሰናበት ይዞት የወጣው ሁለት ነገር ነው፤ በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ ካሊፐር የሚባል የውፍረት መለኪያና «ጋሽ ሚሊሜትር» የሚል ስም። ካሊፐሩን በገንዘቡ ገዝቶታል፤ ስሙን ተማሪዎቹ በነፃ ሰጡት። ሠላሳ ዓመት ልኬት ሲያስተምር ኖሮ፣ አሁን ሲቀላ ሰፈር ካለው ቤቱ ጓሮ፣ ማንጎው ሥር፣ ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሞተር በሠራት ቶርኖ ላይ እንጨት እያሽከረከረና በመሮ እየፋቀ፣ ሎሚ ሎሚ የሚያካክሉ ማሰሮዎች ይሠራል። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የአጵሎስ ግን ግማሹ በአፉ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማሰሮዋን መዳፉ ላይ ያስቀምጥና «ግድግዳዋ ስንት ይመስላችኋል? ሁለት ሚሊሜትር! ዙሪያውን በሙሉ!» ይላል። ሰውዬው ስንት እንደመሰለው እስኪናገር ጠብቆ አያውቅም።

የዚያ ቅዳሜ እንጨት ግን እንደሌላው አልነበረም። የሚስቱ የአሰፋሽ አባት አቶ ኤርጫፎ፣ ዶርዜ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ሸማኔ ሆነው የኖሩ ሰው፣ ከሦስት ወር በፊት አርፈዋል። ከሥራ ዕቃቸው ለእሷ የተረፋት፣ የሠሩትን ሸማ ይጠቀልሉበት የነበረው የወይራ እንጨት አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሌላው ማገዶ ሆኖ ነው የደረሰችው። በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ አመጣችው።

«አንድ ነገር ሥራልኝ» አለችው። «ባየሁት ቁጥር አባዬን የማስብበት። ሌላ የለኝም።»

አጵሎስም ሰው ሁሉ «እሺ» በሚልበት ቦታ «ሁለት ሚሊሜትር» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት እሷ በረንዳው ላይ ቦሎቄ ስትፈለፍል እሱ ቶርኖው ላይ ቆመ። የማሰሮዋ ውጪ አለቀ፤ ውስጧም በከፊል ተቦረቦረ። የሆዷን ስፋት በውጭ በኩል ለካ፤ ሠላሳ ሚሊሜትር። ጭንቁ የውስጡ ነው፤ አፏ ጠባብ ስለሆነ ዓይንም ጣትም አያስገባም። ለዚህ ራሱ ከሽቦ የሠራው መቀስ መሳይ መለኪያ አለው፤ ውስጥ የገቡት እግሮች የተከፈቱትን ያህል ውጭ የቀሩትም ይከፈታሉ። ሃያ ሁለት።

«ከሠላሳ ላይ ሃያ ሁለት ሲነሳ ስምንት!» አለ ጮክ ብሎ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ የሚሰማው ይመስል። «ግድግዳችን ስምንት ነው። ስድስቱን እንፍቅ።»

መሮውን አስገባ። ሁለት ሚሊሜትር ፋቀ፤ ሦስት። እስካሁን ስታጉረመርም የቆየችው እንጨት ቀጭን ድምፅ ማውጣት ጀመረች።

«የሄራን አባት፣ ድምፁ ቀጠነ» አለች አሰፋሽ፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም እየጠራችው።

«ሞተሩ ነው።»

«እስቲ አቁመውና ከውጭ በጣቴ ጫን ጫን አድርጌ ልየው።» የሸማኔ ልጅ ናት፤ ለአባቷ ስትፈትል ነው ያደገችው፣ በሁለት ጣቷ መካከል የገባ ነገር ቅጥነቱ አይሰወራትም።

«አሰፉ፣ ጣት ሚሊሜትር አያውቅም» አለ አጵሎስ። እንዲህ ያለ አነጋገር ሲወጣው ደስ ይለዋል። «ገና ሦስት ይቀረኛል።»

አንዱን እንኳ ሳይጨርስ ቀጭ አለ። ከማሰሮዋ ሆድ ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ተስፈንጥሮ ማንጎው ሥር ወደቀ።

ሞተሩን አጠፋና ቀዳዳውን አየ። ቁጥሮቹን መልሶ አሰበ፤ ያኔ ገባው። ማሰሮ ግድግዳዋ በወዲህም በወዲያም ነው። ስምንቱ የሁለቱ ድምር ነበር፤ አንዱ አራት። ለሁለት ማካፈሉን ረስቶታል። ኦይታ የሚባል ተማሪው ይህንኑ በፈተና ቢረሳ ዜሮ ሰጥቶታል፤ ዜሮው ሳያንስ «አንተ ቤት ብትሠራ በአንድ ግድግዳ ነው የምታቆመው» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አስቆበታል። ኦይታ ዛሬ ገበያው አጠገብ አልጋ ይሠራል፤ አልጋዎቹም አይወላገዱም።

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር መልካም ሰው በተባለ ነበር። ነገር ግን አሰፋሽ ቦሎቄዋን ጥላ አጠገቡ ስትደርስ ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ነቀዝ ነው» አለ። «ውስጡን በልቶት ኖሯል። ማንም ቢሆን አያድነውም ነበር።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ማሰሮዋን ከእጁ ተቀበለችና ዝግ ባለ ድምፅ «ምስኪን አባዬ» አለች። «በመጨረሻ ጊዜ እንጨቱ አልታዘዝ አለኝ ይል ነበር። እርጅና ነው ብለን ሳቅንበት። ለካ እውነቱን ነው፤ እየተበላ ነበር።» እንባዋ ወረደ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የአጵሎስ እውነት ግን ማደር አልቻለም። ሚስቱ በሌለባት ጥፋት ስታለቅስ ቆሞ ማየት አቃተው፤ እስከ ጆሮው ድረስ አፈረ።

«አሰፉ፣ ነቀዝ የለም» አለ። «እንጨቱ ጤነኛ ነበር። አባትሽም እውነት አርጅተው ነው። ነቀዙ እኔ ነኝ። ለሁለት ማካፈል ረሳሁ።»

«ምን?»

«ስምንት ያልኩት አራት ነበር። አራት ካለው ላይ ስድስት ልፍቅ ተነሳሁ።»

አሰፋሽ የቀዳዳውን ጠርዝ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ይዛ ዳሰሰችው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታዲያ ምን ነበር ስታስተምር የኖርከው?»

አጵሎስ አንገቱን ደፋ። «ይህንኑ» አለ።

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልቅሶ መሰለው። ሳቅ ነበር፤ እንባው ሳይደርቅ የመጣ ሳቅ፣ ከቀብሩ ወዲህ ከእሷ ሰምቶት የማያውቀው። መሳቅ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ ስላልነበረ እሱ መሮውን መወልወል ጀመረ።

ማሰሮዋ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ቡፌው ላይ ናት። አጵሎስ በየጠዋቱ ቀዳዳዋን ወደ ኋላ ያዞራል፤ አሰፋሽ ቤት ስትጠርግ መልሳ ወደ ሰው ታዞራለች። እንግዳ ገብቶ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ባሏ አፉን ሳይከፍት እሷ ትቀድማለች።

«እንጨቱ የአባቴ ነው» ትላለች። «ቀዳዳው የእሱ።»